ለድሮ ኤምጂቢ የቱ የጎማ ቁጥር? 165፣ 185/70፣ 195/60 ወይስ ባለ 15 ቸርኬ

መኪናዋን ስገዛት 195/60 አር 14 ጎማ ነበር የተገጠመላት። የ1972 ኤምጂቢ ነች፤ ጣሪያዋ የሚታጠፍ፣ ሮስታይል የሚባለው የብረት ቸርኬ ያላት። ሻጩ ሰፊውን ጎማ እንደ ትልቅ ምርቃት ነው የነገረኝ። እኔም ደስ አለኝ። ሰፊ ጎማ ያላት ስፖርት መኪና ቆማ ስትታይ ታምራለች።

ደስታው ሁለት ሳምንት አልቆየም። ፓርኪንግ ውስጥ መሪውን ለማዞር ትከሻዬን ጭምር መጠቀም ነበረብኝ። ሰው ጭኜ ጉብታ ስሻገር የግራ የኋላ ጎማ ፓራፋንጎውን ይፈገፍጋል። ከሜሪላንድ ወደ ሪችመንድ ስወርድ ደግሞ ሞተሩ ያለ ልክ ይጮኻል። የፍጥነት መለኪያው 70 ማይል ሲል የስልኬ ጂፒኤስ 67 እንኳ አይሞላም። መኪናዋ የታመመች መሰለኝና ባሌስትራውን፣ ሞላውን፣ የመሪውን ጥርስ አስፈተሽኩ። ሁሉም ደህና ነበር። ጥፋቱ ጎማው ላይ ነበር፤ ቁጥሩ ላይ።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓይነት ቁጥር በራሴ መኪና ላይ አስገጥሜ ነድቻለሁ። ተመሳሳይ መኪና ያላችሁ ወይም ልትገዙ የምታስቡ እኔ የከፈልኩትን እንዳትከፍሉ የማውቀውን ልንገራችሁ። ኤምጂቢን የመረጥኩት የራሴ ስለሆነች ብቻ አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ አቢንግደን በሚባል ከተማ ከ1962 እስከ 1980 ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች፤ ብዙዎቹም ወደ አሜሪካ መጥተዋል። ከድሮ ስፖርት መኪኖች ውስጥ ተራ ሠራተኛ አቅም የሚችላት ይህቺ ነች። ስሌቱ ግን ለሌላም መኪና ያገለግላል።

ቁጥሩን ማንበብ

185/70 አር 14 ሲባል 185ቱ የጎማው ስፋት በሚሊሜትር ነው። 70ው የጎኑ ከፍታ ነው፤ የስፋቱ 70 በመቶ ማለት ነው። አር ራዲያል መሆኑን ይነግራል። 14ቱ የቸርኬው መጠን በኢንች ነው።

ችግሩ የሚመጣው ከድሮዎቹ ቁጥሮች ጋር ነው። የመኪናችሁን መጽሐፍ ብትገልጡ 165 አር 14 ወይም 165 ኤስአር 14 የሚል ነው የምታገኙት። መካከለኛው ቁጥር የለም። በዚያ ዘመን ጎማ ሁሉ ቁመቱ ተቀራራቢ ስለነበር መጻፍ አላስፈለገም። ያልተጻፈውን ቁጥር 80 አድርጋችሁ ውሰዱት፤ አንዳንዱ እስከ 82 ይደርሳል። የመጀመሪያዎቹ ኤምጂቢዎች እንዲያውም በሚሊሜትር ሳይሆን በኢንች 5.60-14 የሚል ክሮስፕላይ ጎማ ነበራቸው። ክሮስፕላይ ማለት የሸራው ክሮች ተጠላልፈው በሰያፍ የተዘረጉበት ነው። ራዲያል ግን ክሮቹ ቀጥ ብለው ከጠርዝ ጠርዝ ያልፋሉ፤ በላዩ ላይ ቀበቶ ይታሰራል። ሚሽላን የራዲያልን የፈጠራ መብት (ፓተንት) ያስመዘገበው በ1946 ነው፤ ለገበያ ያቀረበው በ1949።

መኪናችሁን ለውድድር ትርኢት የማታቀርቡ ከሆነ ክሮስፕላይን እርሱት። በመስመር ላይ ይንሳፈፋል፤ ጎዳናው ላይ ያለውን ቦይ ሁሉ ይከተላል። ሁለቱን ዓይነት ቀላቅሎ መግጠም ደግሞ አደጋ ነው። በተለይ ፊት ራዲያል፣ ኋላ ክሮስፕላይ ከሆነ ኩርባ ላይ የመኪናዋ ጀርባ ያመልጣችኋል።

ከስፋቱ በፊት ቁመቱ

ሰው ጎማ ሲመርጥ ዓይኑ የሚሄደው ስፋቱ ላይ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው ጠቅላላ ቁመቱን ነው፤ ከመሬት እስከ ጎማው አናት ያለውን። መኪናዋ በአንድ ዙር ምን ያህል እንደምትሄድ የሚወስነው እሱ ነውና። የፍጥነት መለኪያው፣ ማርሹ፣ ከመሬት ያላት ከፍታ ሁሉም በእሱ ላይ የተሰፋ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። ቸርኬውን በ25.4 አባዙ፤ የጎኑን ከፍታ ሁለት ጊዜ ደምሩበት። የ14 ኢንች ቸርኬ ብቻውን 355.6 ሚሊሜትር ይመጣል። ከዚያ፦

165/80 አር 14 – 620 ሚሊሜትር ገደማ
185/70 አር 14 – 615
195/65 አር 14 – 609
155/80 አር 14 – 604
175/70 አር 14 – 601
195/60 አር 14 – 590
175/65 አር 14 – 583
185/65 አር 15 – 621.5

የመጨረሻውን ልብ በሉት፤ እመለስበታለሁ።

አሁን የእኔን 195/60 ከ165ቱ ጋር አስተያዩት። 30 ሚሊሜትር ያጥራል፤ ወደ 5 በመቶ ማለት ነው። መለኪያው 100 ሲል መኪናዋ የምትሄደው 95 ነው። ይህ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበር። ግን ኤምጂቢ ኦቨርድራይቭ፣ ማለትም በፍጥነት ስትነዱ የሞተሩን ዙር የሚቀንሰው ተጨማሪ ማርሽ፣ ከሌላት በአራተኛ ማርሽ በሺህ የሞተር ዙር 29 ኪሎ ሜትር አካባቢ ብቻ ነው የምትሄደው። በሰዓት 113 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም 70 ማይል ስትነዱ ሞተሩ 3,900 ያህል ዙር ላይ ነው። ጎማውን 5 በመቶ ስታሳጥሩት 4,000ን ያልፋል። የ1962 ዲዛይን የሆነ 1.8 ሊትር ሞተር ለሁለት ሰዓት በዚያ ዙር ማሽከርከር ለጆሮም ለኪስም አይበጅም።

የእኔ ደንብ ይህ ነው፦ ከመጀመሪያው ቁመት ከ2 በመቶ በላይ የሚርቅ ቁጥር አልገጥምም። ከላይ ካሉት ባለ 14ዎች ይህን ደንብ የሚያሟሉት 165/80፣ 185/70 እና 195/65 ናቸው። 175/65 በየሱቁ ስለሚገኝና ለትናንሽ ዘመናዊ መኪኖች ስለሚሸጥ ያማልላል። ወደ 6 በመቶ ያጥራል፤ ተዉት።

165፦ መኪናዋ የተሰፋችበት

195ቱን አውልቄ 165/80 ያስገጠምኩ ዕለት ሌላ መኪና ነው የነዳሁት። መሪው በሁለት ጣት ዞረ። ኩርባ ላይ ጎማው ከመሸሹ በፊት ይናገራል፤ ቀስ ብሎ ይንሸራተታል፤ ጊዜ ይሰጣችኋል። ሰፊውና አጭሩ ጎማ ግን ይይዛል፣ ይይዛል፣ ከዚያ በድንገት ይለቃል። የድሮ መኪና ደስታ ያለው በዚያ በሚናገረው በኩል ነው ብዬ አምናለሁ። በቀስታ እየነዳችሁ እንኳ እየነዳችሁ መሆኑ ይሰማችኋል።

ዝናብ ላይም ጠባቡ ይሻላል። ቀላል መኪና ከሰፊ ጎማ ጋር ስትሆን ውሃውን ቆርጣ ከማለፍ ይልቅ ላዩ ላይ ትንሳፈፋለች። ኤምጂቢ አንድ ቶን ገደማ ነች፤ ከዛሬ መኪኖች አንጻር ላባ ማለት ነው።

"165 ለስፖርት መኪና አይጠብም?" ለሚል አንድ ምሳሌ አለኝ። ከ1973 እስከ 1976 ፋብሪካው ኤምጂቢ ጂቲ ቪ8 የምትባል ሠርቷል፤ 2,591 ብቻ። ባለ 3.5 ሊትር ቪ8 ሞተር፣ 137 የፈረስ ጉልበት፣ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር አካባቢ የምትበርር። የሰጧት ጎማ 175 ኤችአር 14 ነው። 175! የእናንተ ባለ አራት ሲሊንደር የዚያን ጉልበት ሁለት ሦስተኛ እንኳ ላይኖራት ይችላል። በ1961 የወጣችው ጃጓር ኢ-ታይፕም 265 የፈረስ ጉልበት ይዛ የቆመችው ስፋቱ 6.40 ኢንች በሆነ ጎማ ላይ ነው። እሱ ደግሞ 163 ሚሊሜትር ያህል ነው።

የ165 ችግሩ ገበያው ነው። አሜሪካ ውስጥ ተራ ጎማ ቤት ገብታችሁ 165/80 አር 14 ብትሉ ብዙ ጊዜ የለም ነው መልሱ። ለድሮ መኪና ጎማ ከሚሸጡ ልዩ ነጋዴዎች ማዘዝ አለባችሁ፤ ዋጋው ይበልጣል። ሚሽላንና ፒሬሊ ዛሬም በድሮው መልክ ጎማ እየሠሩ ይሸጣሉ። ውድ ናቸው ግን እውነተኛ ናቸው።

አንድ ወጥመድ እዚህ አለ። ስትፈልጉ 165 አር 14 ሲ የሚል ታገኙ ይሆናል፤ በርካሽ። መጨረሻዋ ላይ ያለችው ሲ ለጭነት መኪና መሆኑን ትናገራለች። ለትንንሽ የዕቃ መኪኖችና ተጎታቾች የተሠራ ነው። ጎኑ ደረቅ ነው፤ ቁመቱም ስፋቱም ትክክል ሆኖ ሳለ መኪናችሁን ጋሪ ያደርጋታል። አንድ ጎማ ቤት "ያው ነው፣ እንዲያውም ይጠነክራል" ብሎ ሊገጥምልኝ ነበር። አይደለም ያው።

185/70፦ የብዙ ሰው መልስ

165ቱን ማግኘት ከከበዳችሁ ወይም ትንሽ ሞላ ያለ መልክ ከፈለጋችሁ 185/70 አር 14 ጥሩ ነው። ቁመቱ ከመጀመሪያው 1 በመቶ እንኳ አይርቅም። ኩርባ ላይ ከ165ቱ ይበልጥ ይይዛል። መሪው ከበድ ይላል ግን ይቻላል። ለቤተሰብ መኪና ስለሚሠራ ዋጋውም ደህና ነው። በጎን በኩል ከ165ቱ 10 ሚሊሜትር ብቻ ነው የሚሰፋው፤ ስለዚህ ጤነኛ መኪና ላይ አይፈገፍግም።

ግን የቸርኬያችሁን ስፋት ሳታዩ አትግዙ። ይህ የሚረሳው ነገር ነው። በ14 ኢንች ስም ሦስት ዓይነት የኤምጂቢ ቸርኬ አለ፦ የመጀመሪያዎቹ ተራ የብረት ቸርኬዎች 4 ኢንች ይሰፋሉ፤ ባለ ራጂዎቹ 4.5፤ ሮስታይል 5። ለ185/70 ጎማ ሠሪዎች የሚፈቅዱት ከ4.5 ጀምሮ ነው። ሮስታይል ላይ በደንብ ይቀመጣል፤ ባለ ራጂው ላይ ዳር ላይ ነው፤ 4 ኢንቹ ላይ አይሆንም። ጠባብ ቸርኬ ላይ ሰፊ ጎማ ስታስገቡ ጎማው እንደ ፊኛ ያብጣል። መሪ ስትቀይሩ ጎኑ ይዋልላል፤ መሬት የሚነካውም መሐሉ ብቻ ይሆናል። ሰፊ ገዝታችሁ የጠባብ ሥራ ታገኛላችሁ።

195 ለምን አልመክርም

195/60ን ከላይ ተናግሬዋለሁ። 195/65 በቁመት ይሻላል፤ ግን ሁለቱም ቢያንስ 5.5 ኢንች ቸርኬ ይፈልጋሉ። ኤምጂቢ ከፋብሪካ ስትወጣ ያን የሚያህል ቸርኬ የላትም። ኋላ ደግሞ ቦታው ጠባብ ነው፤ በተለይ የግራው። አክስሉ ከመሐል ትንሽ ወደ ጎን ተቀምጦ የሚገኝባት ኤምጂቢ ብዙ ነች። አንዱ ጎን ሰፊ ክፍተት ታያላችሁ፣ በሌላው ጣት አይገባም። ፓራፋንጎውን ቀጥቅጦ ማስፋት የሚቀላቸው አሉ። የሃምሳ ዓመት ቆርቆሮ ለጎማ ብሎ መቀጥቀጥ ግን ልቤን ያመኛል።

ወደ 15 መውጣት

ልብ በሉት ያልኳችሁ ቁጥር ይሄ ነው። 185/65 አር 15 ቁመቱ 621.5 ሚሊሜትር ነው። ከ165/80 አር 14 የሚለየው በ2 ሚሊሜትር ብቻ! የፍጥነት መለኪያው እውነት ይናገራል፤ ማርሹ ቦታው ነው።

ከሁሉም የሚጥመው ግን መገኘቱ ነው። ከ2004 እስከ 2009 የተሠራችው ሁለተኛዋ ቶዮታ ፕሪየስ የምትጫማው ይህንኑ ቁጥር ነው። ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ የነዳ ሐበሻ ሁሉ ይህን ጎማ ያውቀዋል። የትም ጎማ ቤት ብትገቡ አለ፤ ከርካሹ እስከ ምርጡ። 14 ኢንች ከዓመት ዓመት እየጠፋ ነው፤ 15 ገና ይቆያል።

የሚጠይቃችሁ ቸርኬ መግዛት ነው። ባለ ዳዶ ኤምጂቢ፣ ማለትም ባለ ራጂ ያልሆነችው፣ አራት ቀዳዳ ናት፤ በቀዳዳዎቹ መካከል ያለው ክብ 114.3 ሚሊሜትር ነው። ለዚህ ልክ ሚኒላይት በሚባለው የድሮ ስፖርት ቸርኬ መልክ የሚሠሩ ባለ 15 ቸርኬዎች አሉ። 5.5 ኢንች ስፋት ያለውን ያዙ። ወደ ውጭ የሚወጣበት ልክም ከድሮው ጋር የተቀራረበ ይሁን፤ አለዚያ ፓራፋንጎው ጋ ያለው ጣጣ ተመልሶ ይመጣል። የጎኑ ከፍታ ከ132 ወደ 120 ሚሊሜትር ስለሚወርድ ጉድጓዱ ትንሽ ይሰማችኋል። የድሮዎቹን ቸርኬዎች ግን አትሽጧቸው። መኪናዋን የሚወርሳት ሰው ይፈልጋቸዋል።

ዛሬ የእኔ መኪና ላይ ያለው የትኛው ነው ብትሉኝ፣ 165 ነው። በዓመት ጥቂት ሺህ ማይል ብቻ ስለምነዳ አዝዤ መጠበቅ አይከብደኝም። በየቀኑ ሥራ ይዣት የምሄድ ብሆን ያለ ማመንታት ወደ 15ቱ እሄድ ነበር።

ባለ ራጂ ቸርኬ ያላችሁ

እንደ ብስክሌት በራጂ የተወጠረው ቸርኬ ከሁሉም ያምራል፤ ምርጫችሁን ግን ያጠብባል። 165 ላይ ቆዩ። ሰፊና አጥብቆ የሚይዝ ጎማ ራጂዎቹን በጎን እየጎተተ ያላላቸዋል፤ ይሰብራቸዋልም። በራጂዎቹ ቀዳዳ አየር ስለሚወጣም ከመነዳሪ ያስፈልጋችኋል፤ የውስጡን ጎማ ማለቴ ነው። ለራዲያል የተሠራና ልኩ የሆነውን ግዙ። ጎሚስታው ከመግጠሙ በፊት የጎማውን ውስጥ በእጃችሁ ዳስሱ። የተለጠፈ ወረቀት ካለ አንሱት። ዘመናዊ ጎማ ከመነዳሪ ይገባበታል ተብሎ ስላልተሠራ ውስጡ ሸካራ የሆነ አለ፤ እሱ ከመነዳሪውን እየፋቀ ይቀደዋል።

ኤምጂቢ ያልሆነች መኪና ላላችሁ

መንገዱ ያው ነው፤ ቁመት፣ ከዚያ የቸርኬ ስፋት፣ ከዚያ ክፍተት። ዳትሰን 240ዜድ ከፋብሪካ 175 ኤችአር 14 ይዛ ነበር የምትወጣው፤ ብዙ ሰው 195/70 አር 14 ያደርግላታል፤ ቁመቱ ይቀርባል። ፖርሽ 911 ላይ ግን ጥንቃቄ አድርጉ። የ1973ቷ ካሬራ አርኤስ ፊት 185/70፣ ኋላ 215/60 ነበራት። ሞተሯ ኋላ ስለሆነ ልዩነቱ ለመልክ አይደለም። እሷን አይቶ የድሮ 911 ላይ በግምት ሰፊና ጠባብ መቀላቀል አያዋጣም።

አዲስ አበባ ላይ ቮልስ ያላችሁም ጥያቄው ይመለከታችኋል። ኤሊዋ ስፖርት መኪና ባትባልም 155 አር 15 ነው ልኳ፤ በሚሊሜትር 630 አካባቢ። ያ ሲጠፋ 165/80 አር 15 ይቀርባታል፤ 645 ነው። 185/65 አር 15 በቁመት ብዙም አያንስባትም፤ ቸርኬዋ ግን 4 ወይም 4.5 ኢንች ስለሆነ ይሰፋባታል።

ከመክፈላችሁ በፊት

የፍጥነቱን ፊደል እዩ። ኤስ 180 ኪሎ ሜትር፣ ቲ 190፣ ኤች 210 ድረስ ይችላል። ለኤምጂቢ ኤስም ይበቃል። የጭነቱ ቁጥርም ጎኑ ላይ አለ፤ 85 ማለት በአንድ ጎማ 515 ኪሎ ነው፤ 88 ደግሞ 560። ለአንድ ቶን መኪና ይተርፋል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ዕድሜው ነው። የድሮ መኪና ጎማ በመንዳት አያልቅም፤ ቆሞ ነው የሚሞተው። ጥርሱ አዲስ መስሎ ሸራው የደረቀ ጎማ ብዙ አይቻለሁ። ጎኑ ላይ ዲኦቲ ከሚለው መጨረሻ አራት አሃዝ ፈልጉ። 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። አምስት ስድስት ዓመት ካለፈው በየዓመቱ አስፈትሹ፤ አሥር ከሞላው ጣሉት። "አዲስ ነው፣ አልተነዳም" የሚል ሻጭ ቢያጋጥማችሁ እንኳ ቁጥሩን እዩ።

ከተገጠመ በኋላ መሪውን ጥግ እስከ ጥግ አዙሩ፤ ሁለት ሰው ጫኑና ጉብታ ላይ ሞክሩት። መቶ ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ ዳዶዎቹን እንደገና አጥብቁ። ንፋሱን ደግሞ በድሮው መጽሐፍ ላይ እንዳለ አትሙሉት፤ ለዘመኑ ጎማ ይለሰልሳል። እኔ ፊት 26፣ ኋላ 28 ፒኤስአይ አደርጋለሁ።

ስኮርታውንም አትርሱ። ቁመቱ ከአራቱ ጋር አንድ መሆን አለበት፤ ዕድሜውም መቆጠር አለበት። የእኔን ከሻንጣው አውጥቼ ሳየው ቁጥሩ አራት ሳይሆን ሦስት አሃዝ ነበር። ሦስት አሃዝ ይጻፍ የነበረው ከ2000 በፊት ነው። በዚያች ጎማ ተማምኜ ስንት ጊዜ ሪችመንድ ደርሼ ተመልሻለሁ። በዚያው ዕለት አምስተኛ ጎማ አዘዝኩ።